ድንበር የማይሰመርበት ውሃ፦ ባሕር በአይሁድ የስደት ፍልስፍና ውስጥ

ስለ አይሁድ ሕዝብና ስለ ስደት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ መስመር ነው። ሕዝቡ ተበተነ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ተንከራተተ፣ ከዚያ ተመለሰ። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር ስደት ቅጣት ብቻ ይመስላል፤ መድኃኒቱም መመለስ ብቻ። የአይሁድ አሳቢዎች ግን ስለዚህ ጉዳይ በአንድ ድምፅ ተናግረው አያውቁም። ሲከራከሩ ነው የኖሩት። በክርክሩ ውስጥ ደግሞ ከዘመን ዘመን አንድ ምሳሌ ይመላለሳል፤ ባሕር።

ምሳሌው ከየት እንደመጣ፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ እንዴት እንደተለወጠና ዛሬም ለምን እንደሚያከራክር እንይ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሉትና ዲያስፖራ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ጋሉት የዕብራይስጥ ቃል ሲሆን ግዞት፣ ምርኮ ማለት ነው። ከቤትህ በኃይል ወጥተሃል፤ ያለህበት ቦታ የሰው ቦታ ነው። ዲያስፖራ መበተን ነው። የተበተነ ሰው በሄደበት ሊነግድ፣ ሊወልድ፣ ሊማር፣ ሊከብርም ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ከተማ እየኖሩ አንዱ ኑሮውን ጋሉት ሊለው ይችላል፤ ሌላው ዲያስፖራ። መጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ባቢሎናውያን፣ ኋላም በ70 ዓ.ም. ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካፈረሱ ጀምሮ የአይሁድ ፍልስፍና በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ሲመላለስ ቆይቷል።

ባሕር እዚህ ጋ ይገባል። የብስ ባለቤት አለው፤ ይታጠራል፣ ይወረሳል፣ ይታረሳል። ባሕር ላይ ማንም አጥር አያጥርም። መርከብ ላይ ያለ ሰው ከአንዱ አገር ወጥቷል፣ ሌላው አገር ገና አልደረሰም። አገር ስለሌለው ሕዝብ ማሰብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስል ከየት ይመጣል?

ምሳሌው ከየት ጀመረ?

ከመጽሐፍ ቅዱስ። በኦሪት ዘፍጥረት ብርሃን ከመፈጠሩ በፊት ጥልቅ ውሃ አለ። በዘፀአት የኤርትራ ባሕር ይከፈላል፤ በአንዱ ዳርቻ ባሪያ ሆኖ የገባ ሕዝብ በሌላው ዳርቻ ነፃ ሆኖ ይወጣል። ዮናስ ከአምላኩ ለመሸሽ በኢዮጴ ወደብ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ይሳፈራል፤ ማዕበሉ ይደርስበታል። ኢየሩሳሌም ስትፈርስ ደግሞ ሰቆቃወ ኤርምያስ የከተማይቱን ስብራት በባሕር ይለካዋል (2፥13)። እንዲህ የሰፋውን ማን ይፈውሰዋል ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ገና ከመነሻው ያው ውሃ አንዴ ትርምስ፣ አንዴ ነፃነት፣ አንዴ ከንቱ ሽሽት፣ አንዴ ቁስል ነው። የአንድምታ ትርጓሜ እየሰማ ያደገ አንባቢ ይህ አይከብደውም። መምህሩ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ፍቺ ይደራርቡበታል፤ ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አይሽረውም። የአይሁድ ሊቃውንትም ባሕርን የያዙት እንደዚያው ነው።

የታልሙድ መርከበኞች ምን ይላሉ?

ታልሙድ የሊቃውንት ክርክር፣ ሕግና ተረት አንድ ላይ የተሰበሰበበት ግዙፍ ሥራ ነው። በስፋት የሚጠናው የባቢሎኑ ታልሙድ የተጠናቀረው ዛሬ ኢራቅ በምንላት ምድር፣ በስደት ነው። ተማሪዎቹ ራሱን ታልሙድን «ባሕር» ይሉታል፤ ዳርቻው አይታይም፣ ውስጡ ገብተህ ትዋኛለህ እንጂ አትጨርሰውም። በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት የባሕር ታሪኮች ለእኔ ከኋላ ዘመን ፈላስፎች ብዙ ገጽ የሚበልጡ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብንል ይሻላል።

በሦስተኛው መቶ ዘመን የኖረው ረባ ባር ባር ሐና ከባቢሎን ወደ እስራኤል ምድር የሚመላለስ ሰው ነበር። በስሙ ከሚነገሩት የጉዞ ታሪኮች አንዱ እንዲህ ይላል። በመርከብ ሲሄዱ አሸዋ የተከመረበት፣ ሣር የበቀለበት ቦታ አዩ። ደረቅ መሬት መስሏቸው ወረዱ። እሳት አንድደው መጋገርና ማብሰል ጀመሩ። ያ መሬት ግን የዓሣ ጀርባ ነበር። ሙቀቱ ሲሰማው ተገለበጠ። መርከቧ ቅርብ ባትሆን ኖሮ ሁሉም ሰጥመው ነበር።

በኋላ የመጡ ተርጓሚዎች ይህን ታሪክ ስለ ጋሉት አነበቡት። ሕዝቡ በሰው አገር ይሰነብታል፤ ሣሩ ይበቅላል፤ ወጥ ቤቱ ይሞቃል። ቦታው የራሱ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ቀን ይገለበጣል። በ1492 ከስፔን የተባረሩት አይሁድ እዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ ነበሩ። ታሪኩን ለሚያነብ ሰው ዓሣው ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገም።

ሁለተኛው ታሪክ የረቢ አቂባ ነው። ራባን ገምሊኤል በባሕር ላይ ሲጓዝ የተሰበረ መርከብ ያያል። አቂባ እዚያ ውስጥ ነበርና አዘነለት። የብስ ሲደርስ ግን አቂባ መጥቶ ፊቱ ተቀመጠ፤ ስለ ሕግም ይወያይ ጀመር። ማን አወጣህ ሲለው፣ ከመርከቧ አንዲት ሳንቃ እንዳገኘና ለመጣበት ማዕበል ሁሉ ራሱን ዝቅ እያደረገ እንዳሳለፈው ነገረው። ታልሙድ ከዚህ ተነስቶ ክፉዎች ሲመጡብህ ራስህን ዝቅ አድርግላቸው የሚል ምክር ያወጣል።

ይህ ምክር ለብዙ ዘመን የስደት ፖለቲካ ሆኖ አገልግሏል። ንጉሥ ይመጣል፣ ንጉሥ ይሄዳል። ግብር ክፈል፣ ጎንበስ በል፣ ማዕበሉ ይለፍ። የሚገርመው ግን ይኸው አቂባ በ132 በሮም ላይ የተነሳውን የባር ኮክባን ዓመፅ ደግፎ ቆሟል፤ በሮማውያንም እጅ ሞቷል። ጎንበስ የሚያሰኘውና ቀና የሚያሰኘው ትምህርት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው አሉ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ክርክር ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ የኖረ ነው።

ከታልሙድ ውጭ ባለ አንድ የጥንት ስብከት ደግሞ ረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ የተናገረው ምሳሌ አለ። ሰዎች በአንድ ጀልባ ተሳፍረዋል። አንዱ መሰርሰሪያ አውጥቶ ከሥሩ መብሳት ጀመረ። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት፣ እናንተን ምን አገባችሁ፣ የምበሳው የራሴን ቦታ ነው አለ። ውሃው ግን ለሁላችን ይገባል አሉት። ለተበተነ ሕዝብ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በሰው አገር አንዱ አይሁድ የሚያጠፋው ጥፋት በሌላው ላይ ይመጣል። ጥሩውም እንደዚያው። አገር የሌላቸው ሰዎች የሚጋሩት ነገር ጀልባው ነው።

አንድ ትንሽ ሕግም ልጨምር። አባት ለልጁ ሊያደርግ ከሚገባው መካከል ታልሙድ ኦሪት ማስተማርንና ሙያ ማስተማርን ይዘረዝራል፤ አንዳንዶችም ዋና ማስተማርን ይጨምራሉ ይላል።

ባሕሩ ምሳሌ ብቻ ነበር?

ይህን ጥያቄ መዝለል አይገባም። ባሕሩ እውነተኛ ባሕር ነበር፤ እውነተኛ ሰዎችንም በልቷል።

ማይሞኒደስ በመካከለኛው ዘመን ከተነሱት የአይሁድ ፈላስፎች ሁሉ በላይ ይታወቃል። ከስፔን ኮርዶባ ተሰዶ፣ በሞሮኮ በኩል አልፎ በመጨረሻ ግብፅ ተቀመጠ። ዘመኑን በጥናት ያሳልፍ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ነግዶ ቤተሰቡን ስለሚያስተዳድር ነው። ዳዊት ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዐይዛብ ከምትባል የጥንት ወደብ የጻፈለት ደብዳቤ ዛሬም አለ። ወደቡ ላይ የሚገዛ ነገር ስላጣ ወደ ሕንድ ለመሳፈር እንደወሰነ ይነግረዋል። በበረሃው ያዳነኝ በባሕሩም ያድነኛል እያለም ያጽናናዋል። ከዚያ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመ።

ማይሞኒደስ ከዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ በሕይወቱ ከደረሰበት ሁሉ የከፋው ይህ እንደሆነ፣ ዓመት ያህልም አልጋ ላይ እንደወደቀ ይናገራል። ወንድሙ የብዙ ሰው ገንዘብ ይዞ ነበር የሰጠመው፤ ሚስቱና ትንሽ ልጁም በእሱ እጅ ቀሩ። ማይሞኒደስ በሕክምና መተዳደር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ አምላክ አንድነትና ስለ አእምሮ የጻፋቸውን ጥልቅ ገጾች ስናነብ ይህ ሞት ከጀርባቸው አለ።

ይሁዳ ሃሌቪ ለምን ተሳፈረ?

ከማይሞኒደስ ቀድሞ ስፔን ውስጥ አንድ ሐኪምና ገጣሚ ነበር። ይሁዳ ሃሌቪ ይባላል። ዝና ነበረው፣ ወዳጅ ነበረው፣ ኑሮው የተደላደለ ነበር። ልቡ ግን በምሥራቅ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ በምዕራብ ዳር እንደቀረ በግጥም ተናግሯል።

የፍልስፍና ሥራው በንጉሥና በአይሁድ ሊቅ መካከል የሚደረግ ጭውውት ነው። አንድ ቦታ ላይ ንጉሡ ሊቁን ይወቅሰዋል። ስለ ኢየሩሳሌም በየቀኑ ትጸልያላችሁ፤ ግን አትሄዱም ይለዋል። ሊቁ መልስ አያገኝም፤ አሳፈርከኝ ይላል። በመጽሐፉ መጨረሻ ሊቁ ለመሄድ ይወስናል።

ደራሲውም ሄደ። በ1140 በእርጅናው መግቢያ ላይ በመርከብ ተነስቶ በመስከረም ወር እስክንድርያ ደረሰ። በግንቦት 1141 ወደ እስራኤል ምድር ተሳፈረ። በዚያው ዓመት ሞተ። ኢየሩሳሌም በር ላይ በፈረሰኛ ተረግጦ ሞተ የሚለው ታሪክ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ አፈ ታሪክ ነው። የጉዞው ቀናት ግን ካይሮ በሚገኝ ምኩራብ ውስጥ ተከማችተው በኖሩ የዘመኑ ደብዳቤዎች ተረጋግጠዋል።

ስለዚያ ባሕር የጻፋቸው ግጥሞች ፍልስፍና ናቸው ብል አላጋነንኩም። ማዕበሉ ይነሳል፤ የመርከበኞቹ ጥበብ ይጠፋል፤ በሰውየውና በሞት መካከል ያለው አንድ ሳንቃ ነው። ባሕር ሰው የሚመካበትን ሁሉ ይገፍፈዋል። ቤተሰብ፣ ንብረት፣ ስም አንዳቸውም እዚያ አይሠሩም። ከዚያ ማታ ይሆናል። ውሃው ይረጋል፤ ሰማዩና ባሕሩ አንድ ዓይነት ይሆኑና ሁለት ባሕር ይመስላሉ። ገጣሚው በሁለቱ መካከል የእሱ ልብ ሦስተኛው ባሕር እንደሆነ ይናገራል። ለሃሌቪ እንግዲህ ባሕሩ መሻገሪያ ነው። መድረሻው ኢየሩሳሌም ናት። መሻገሪያው ግን ራሱ ሰውን ያነጻል።

ባሕር ላይ መኖር ይቻላል ያለ አለ?

አለ። ፍራንዝ ሮዘንዝዋይግ ይባላል፤ ጀርመናዊ አይሁድ ነው፤ ከ1886 እስከ 1929 ኖረ። በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ስለ የብስና ስለ ባሕር ጽፏል። ሰዎች የብሱን እየከፋፈሉ ይህ የእኔ ነው ይላሉ፤ ታሪክም የድንበር ታሪክ ይሆናል። ባሕሩ ግን ለዚህ አይመችም።

በ1921 ባሳተመው ዋና ሥራው ሐሳቡን ወደ ሕዝቡ አመጣው። ሌሎች ሕዝቦች በመሬታቸው ይኖራሉ ይላል፤ ለመሬቱ ደማቸውን ያፈሳሉ፤ መሬቱ ሲወሰድ እነሱም ይጠፋሉ። አይሁድ ግን ህልውናውን ለመሬት አላስያዘም። ቅድስት ምድር ለእሱ ናፍቆት ናት፤ በእጁ ሙሉ በሙሉ ገብታ አታውቅም። በእሱ ሐሳብ ከአገሩ ርቆ የሚናፍቅ ፈረሰኛ እቤቱ ከተቀመጠበት ጊዜ ይልቅ ለአገሩ ታማኝ ነው።

ይህ ከሃሌቪ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። እናም ሮዘንዝዋይግ ምን አደረገ? ሃሌቪን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ። በ1922 ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያዘው። መናገርና መጻፍ አቃተው። ትርጉሙን በ1924 ያወጣው በባለቤቱ እርዳታ፣ ከዚያው በሽታ ጋር እየታገለ ነው። የማይስማማበትን ሰው ግጥም በእንዲህ ያለ ድካም ለሌሎች ያደረሰ ሰው ክርክሩን ምን ያህል እንዳከበረው ማየት ይቻላል።

ሌላው ኢማኑኤል ሌቪናስ ነው፤ ሊትዌኒያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ። በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ተጓዦችን ያነጻጽራል። የግሪክ ተረት ጀግና ኦዲሴዎስ ባሕሩን የሚያቋርጠው ወደ ተነሳባት ደሴት ለመመለስ ነው። አብርሃም ግን አገሩን ለዘላለም ትቶ ወደማያውቀው ምድር ይወጣል። ለሌቪናስ የምዕራቡ ፍልስፍና ብዙውን ጊዜ እንደ ኦዲሴዎስ ነው፤ በዓለም ዞሮ ዞሮ ራሱን ያገኛል። የአብርሃም መንገድ ወደ ሌላው ሰው ያወጣል፤ አይመልስም።

ለዚህ ወገን መርከቡ መጽሐፉ ነው። ገጣሚው ሃይንሪኽ ሃይነ በ19ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን አይሁድ ይዘውት የሚዞሩት አገር ብሎታል።

ምሳሌው በጠላት እጅ ሲገባስ?

መሬት የሌለው ሕዝብ የሚለው ሐሳብ በወዳጅ አፍና በጠላት አፍ አንድ አይደለም። በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል የሆነው የሕግ ሊቅ ካርል ሽሚት በ1938ና በ1942 ባወጣቸው ጽሑፎች የባሕሩን አውሬ ሌዋታንንና የየብሱን አውሬ ብሔሞትን አነሳ። በአይሁድ ትውፊት ሌዋታን በዘመን ፍጻሜ ለጻድቃን ግብዣ የሚቀርብ ፍጥረት ነው። ሽሚት ይህን ጠምዝዞ አሕዛብ እርስ በርስ ሲተራረዱ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሕዝብ ሥዕል አደረገው። የሮዘንዝዋይግን ሐሳብ ዛሬ የሚያነሳ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ሥር የለሽነትን ማመስገን ሥር የለሽ ናቸው ብሎ ከሚያሳድድ ሰው አያድንም።

በግንቦት 1939 ከሐምቡርግ የተነሳችው ሴንት ሉዊስ የምትባል መርከብ 937 መንገደኞች ይዛ ነበር፤ አብዛኞቹ አይሁድ ናቸው። ኩባ ከጥቂቶች በቀር አላስወርድም አለች። አሜሪካም አልተቀበለቻቸውም። የማያሚን መብራት እያዩ ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ከእነሱ ውስጥ 254ቱ በእልቂቱ ተገደሉ።

ከስብራቱ በኋላ ምን ተረፈ?

ጀርመናዊው አይሁድ አሳቢ ዋልተር ቤንያሚን ከናዚዎች ሸሽቶ በእግሩ ተራራ አቋርጦ በሜዲትራንያን ዳር ያለችው የስፔን ከተማ ፖርትቡ ደረሰ። እንደሚመልሱት ሲነገረው መስከረም 26 ቀን 1940 ሕይወቱን አጠፋ። ከወራት በኋላ ወዳጁ፣ እንደ እሱ ጀርመናዊት አይሁድ አሳቢ የሆነችው ሐና አረንት፣ በዚያው አልፋ መቃብሩን ፈለገች፤ አላገኘችውም። እሷ ከሊዝበን ተሳፍራ በግንቦት 1941 ኒው ዮርክ ደረሰች። በሻንጣዋ የቤንያሚንን ጽሑፍ ይዛ ነበር።

በ1968 ስለ እሱ ስትጽፍ ዕንቁ ፍለጋ ወደ ባሕር የሚጠልቅ ሰው አለችው። የአባቶች ትውፊት ተሰብሯል፤ እንደነበረ ማስቀጠል አይቻልም። ግን ባሕሩ የወሰደውን ሁሉ አያጠፋም። አንዳንዱ ነገር እዚያ ታች ሆኖ ይለወጣል፣ ይጠነክራል። ጠላቂው ባሕሩን ለማድረቅ አይሞክርም፤ ያገኘውን ቁራጭ ይዞ ይወጣል። ቤንያሚን ከድሮ ሥራዎች ጥቅሶችን የሚሰበስበው በዚህ መንፈስ ነበር። ባሕር እዚህ ጋ አዲስ ፍቺ አገኘ፤ የጠፋው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ሆነ።

ክርክሩ ዛሬ የት ደርሷል?

እስራኤል በ1948 ስትመሠረት ብዙ ጽዮናውያን (አይሁድ ወደ እስራኤል ምድር ተመልሰው የራሳቸው አገር ይኑራቸው የሚሉ) ጉዞው አለቀ አሉ። ከእነሱም የጋሉት ዘመን መረሳት ያለበት የውርደት ዘመን ነው የሚሉ ነበሩ። በ1993 ደግሞ ዳንኤልና ጆናታን ቦያሪን የተባሉ ወንድማማች ምሁራን ተቃራኒውን በጽሑፍ ሞገቱ። ዲያስፖራ አይሁድ ለዓለም ያበረከተው ትልቅ ሐሳብ ነው አሉ፤ ሥልጣንና መሬት ሳይዙ ማንነትን ጠብቆ ከሌላው ጋር መኖር። ተቃዋሚዎቻቸው ሮዘንዝዋይግ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ በፊት መሞቱን ያስታውሷቸዋል። ዛሬ ከዓለም አይሁድ ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ከእስራኤል ውጭ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው የመጻሕፍት ብቻ አይደለም።

ቤተ እስራኤልስ የት አሉ?

በዚህ ፍልስፍና ውስጥ የቤተ እስራኤል ስም አይነሳም ማለት ይቻላል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ከባሕር ርቀው በደጋ የኖሩት እነዚህ ሰዎች የኤርትራ ባሕርን ታሪክ በግዕዝ ኦሪት እያነበቡ ጠብቀውታል። በ1862፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጧቸው በሚጥሩበት ጊዜ፣ አባ መሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስነሱ። ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን፤ ባሕሩም ለሙሴ እንደተከፈለ ለእኛም ይከፈላል አሉ። ሰዎች ቤታቸውን ትተው ተከተሉ። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ብዙዎችን ጨረሰ። የተረፉት ተመለሱ።

ሃሌቪ የሄደው ብቻውን፣ በመርከብ፣ በወዳጆች እየታገዘ ነው። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። የንጉሡን ወቀሳ፣ ትጸልያላችሁ እንጂ አትሄዱም የሚለውን፣ በሕይወታቸው የመለሱ ናቸው። በአይሁድ የስደት አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ከሃሌቪ ጎን ሊቀመጡ ይገባል።

ባሕሩን የተሻገሩት ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል ሰላዮች በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በምትባል ቦታ፣ የዋናተኞች መዝናኛ ከፍተው ነበር። ከስደተኛ ካምፖች በሌሊት በመኪና የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በጎማ ጀልባ ወደ እስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ተወስደዋል። በ1982 የሱዳን ወታደሮች ከደረሱባቸው በኋላ ጉዞው በአውሮፕላን ሆነ። በሱዳን መንገድና ካምፖች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ አላቸው። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እስራኤል ሄደው ከዘመዶቻቸው ጋር ለመገናኘት ለዓመታት የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ።